የጠፋ የኮሌጅ ፉትቦል ሜዳ የነበረበትን ቦታ በልኬት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ቺካጎ ውስጥ ኤሊስ አቬኑ ላይ፣ በ56ኛውና በ57ኛው ጎዳና መካከል፣ የሄንሪ ሙር የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ 12 ጫማ ነው። አጠገቡ ያለው ግዙፍ ሕንፃ በ1970 የተከፈተው የሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ነው። ሐውልቱ የቆመበት ቦታ የስታግ ፊልድ የምዕራብ ትሪቡን የነበረበት ሲሆን፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ1893 ጀምሮ የተጫወተበት ይህ ሜዳ ደግሞ አብዛኛው ዛሬ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ፉትቦል ስንልም የአሜሪካውን ማለታችን ነው።) ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለማንኛውም የጠፋ ሜዳ ይሠራል፤ ስታግ ፊልድን የመረጥነው ወጥመዶቹን ሁሉ አሟልቶ ስለያዘ ነው።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። ሜዳው ሲከፈት የተጠራው መሬቱን በሰጠው ነጋዴ በማርሻል ፊልድ ስም ነበር። ሰውየው የታወቀ ትልቅ መደብር ስለነበረው ስሙን በድሮ ጋዜጦች ውስጥ ብቻውን ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የኮትና የመጋረጃ ማስታወቂያ ነው። «ስታግ» (የአሠልጣኙ ስም) ወይም «ማሩንስ» (የዩኒቨርሲቲው ቡድን መጠሪያ) የሚለውን ጨምሩበት፤ ፍለጋውንም በመስከረምና በኅዳር መካከል ባሉት ሳምንታት ወስኑት። በኋላ ሜዳው ቡድኑን ከ1892 እስከ 1932 ባሠለጠነው በአሞስ አሎንዞ ስታግ ስም ተጠራ። ዛሬም በዚያው ግቢ ስታግ ፊልድ የሚባል ሜዳ አለ፤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስልኩ ላይ ስሙን ጽፎ የሚሄድ ሰው ወደ አዲሱ ሜዳ ይደርሳል።

የጎዳና ስምም ይከዳል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው በድሮ ካርታ ላይ ሌክሲንግተን አቬኑ ነው። የቺካጎ የቤት ቁጥር ደግሞ በ1909 ተለውጧል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በታተመ ጋዜጣ ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር በዛሬ ካርታ ላይ አትፈልጉ። የሚታመነው የሁለት ጎዳናዎች መገናኛ ነው።

ቀጥሎ የሜዳውን መጠን በዘመኑ ደንብ ወስኑ። ጀማሪዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ የዛሬውን መጠን ይዘው የ1890ዎቹን ሜዳ ይፈልጋሉ፣ ልኬቱም አልገጥም ይላል። ኅዳር 6 ቀን (ኖቬምበር) 1869 ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ያሸነፈበት ሜዳ 120 በ75 ያርድ ነበር፤ በየወገኑ 25 ሰው ነበር የተሰለፈው፤ ጨዋታውም ለእኛው እግር ኳስ የቀረበ ነው። በ1876 ደንብ ሜዳው 140 በ70 ያርድ ሆነ። ከ1881 እስከ 1911 ግን 110 ያርድ በ160 ጫማ ነው፤ ማለትም 100.6 በ48.8 ሜትር። በ1912 የመጫወቻው ርዝመት 100 ያርድ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ 10 ያርድ ተጨመረ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ያርድ፣ 109.7 ሜትር ማለት ነው። ወርዱ አልተነካም። በ1893 እና በ1920ዎቹ ስታግ ፊልድ መካከል ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ የርዝመት ልዩነት የሚገኘው ለዚህ ነው።

ፎቶግራፍ ካላችሁ በእጃችሁ ያለው የቱ ዘመን መሆኑን ኖራው ይነግራችኋል። በየ5 ያርዱ አግድም የተሰመረ ከሆነ ከ1882 በኋላ ነው። አግድሙም ቁመቱም ተሰምሮ እንደ ዳማ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ካወጣ፣ ከ1903 ገደማ እስከ 1909 ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተነሣ ነው፤ በኋላ የቁመቱ መስመሮች ቀርተዋል። የግቡን ቋሚዎችም እዩ። እስከ 1926 በግብ መስመሩ ላይ ነው የሚቆሙት፤ ከ1927 ጀምሮ 10 ያርድ ወደ ኋላ፣ ሜዳው የሚያበቃበት ጫፍ ላይ ናቸው። ከሜዳው ጎኖች ገባ ብለው አጫጭር ጭረቶች ከታዩ ፎቶው ከ1933 ወዲህ ነው። ቋሚዎቹ ለመለኪያም ይረዳሉ፦ በመካከላቸው ያለው ርቀት 18 ጫማ ከ6 ኢንች፣ የአግዳሚው ከፍታ 10 ጫማ ነበር።

ሜዳው ወዴት ዞሮ እንደተኛ ለማወቅ ጥላ ተመልከቱ። ቺካጎ ላይ በኅዳር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወድቃል። ግን አስቀድማችሁ ፎቶው ተገልብጦ እንዳልታተመ አረጋግጡ። የድሮ ፎቶ በመስታወት ላይ ስለሚነሣ ነጋቲቩ በተሳሳተ ወገን ከታተመ ምሥራቁ ምዕራብ ይሆናል። አጥር ላይ ያለ ማስታወቂያ ካለ ፊደሉን ማንበብ ይበቃል።

አሁን ወደ ካርታው። ለዚህ ሥራ ከሳንቦርን ካርታ የሚሻል የለም። የተሠራው ለእሳት መድን ድርጅቶች ስለነበር የሚያስበው ስለሚቃጠል ነገር ብቻ ነው፦ እንጨት ቢጫ፣ ጡብ ሮዝ፣ ድንጋይ ሰማያዊ። ሜዳውን ባዶ ነጭ ወረቀት አድርጎ ይተወዋል፤ የእንጨት ትሪቡኑን ግን እስከ ጥጉ በቢጫ ይሥለዋል። የምትለኩት ከትሪቡኑ ተነሥታችሁ ነው። ብዙዎቹ ቅጠሎች (የካርታው ገጾች) 1 ኢንች ለ50 ጫማ ናቸው፤ ግን ሁልጊዜ ቅጠሉ ላይ ያለውን የልኬት መስመር አንብቡ። በዚህ ልኬት የ1890ዎቹ ሜዳ 16.8 በ8.1 ሴንቲ ሜትር፣ ከ1912 በኋላ ያለው 18.3 በ8.1 ይሆናል። ሁለቱንም ከወፍራም ካርቶን ቁረጡና በታተመው ካርታ ላይ አንሸራትቱ፤ የማይገባበት ቦታ ወዲያው ይታያል። ስታትሙ «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምርጫ አጥፉት፤ ካላጠፋችሁት ካርታው ይኮማተርና ቦታው ሁሉ ለካርቶኑ የጠበበ ይመስላችኋል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ካርታውን የሚያትመው የሳንቦርን ድርጅት አዲስ ከማተም ይልቅ በአሮጌው ቅጠል ላይ ማረሚያ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት የሥዕሉ ዓመት ላይሆን ይችላል። ጠርዙ ላይ ቀጭን የልጣፍ መስመር ወይም የቀለም ለውጥ ካያችሁ፣ የማረሚያውን ቀን መጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጉ።

ካርታውን በኮምፒውተር ከዛሬው ጋር ለማስተኛት (ነፃው የካርታ ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ ይበቃል) ሳይፈርሱ የቀሩ ሕንፃዎችን ማዕዘን ያዙ። በስታግ ፊልድ ዙሪያ ጥሩ ጥሩ አሉ፦ በ1904 የተከፈተው የባርትሌት ጂምናዝየም፣ በ57ኛውና በኤሊስ መገናኛ ያለው ስኔል-ሂችኮክ፣ እና የማንደል አዳራሽ። ችግሩ ሁሉም በ57ኛው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በደቡብ በኩል መደርደራቸው ነው። በእነሱ ብቻ ካሰራችሁት ደቡቡ ልክ ይሆናል፣ ሰሜኑ ግን ይንሻፈፋል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ከ56ኛው ጎዳና መገናኛዎች ጨምሩ። የማስተካከያ ዓይነት ሲጠይቃችሁ ሄልመርትን ምረጡ፤ እሱ ካርታውን ያዞራል፣ ያሰፋል፣ ያጠባል እንጂ አያጣምምም። «ቲን ፕሌት ስፕላይን» የሚባለው ስህተቱን ዜሮ አድርጎ ያሳያችኋል፤ ካርታውን እንደ ላስቲክ ስለጎተተው ነው እንጂ ልክ ስለሆነ አይደለም። በሄልመርት ስህተቱ ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ነጥብ የተሳሳተ ነው፤ ተራ በተራ እያወጣችሁ ሞክሩ።

ለማመሳከሪያ የአየር ፎቶ ፈልጉ። ኢሊኖይ ከ1937 እስከ 1947 ባለው ጊዜ በየካውንቲው ከአየር ተነሥታለች፤ ፎቶዎቹም በነፃ ይገኛሉ። ዩኒቨርሲቲው ፉትቦሉን በ1939 ቢያቆምም የምዕራብ ትሪቡኑ እስከ 1957 ስላልፈረሰ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ይታያል። የመጀመሪያው የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ ታኅሣሥ 2 ቀን (ዲሴምበር) 1942 የተሳካው በዚሁ ትሪቡን ሥር ነው፤ ቦታው በ1965 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ሆኗል። ይህ ለለኪ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ ሜዳዎች እንዲህ ያለ ጉልህ ምልክት የላቸውም፤ የ1869ኙ የራትገርስ ሜዳ ላይ ዛሬ ጂምናዝየምና የመኪና ማቆሚያ ነው ያለው።

ቦታው ላይ ስትሄዱ የ50 ሜትር መለኪያና የታተመ ካርታ ያዙ። የስልክ አመልካች ግልጽ ሰማይ ሥር እንኳ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ከረጅም ሕንፃ ጥግ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከኤሊስ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እስከ ሐውልቱ በእጅ ለኩና ኮምፒውተሩ ከሰጣችሁ ጋር አስተያዩ። ከሐውልቱ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደሄዳችሁ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ያቆማችኋል፤ የቀረውን ካርቶኑን በካርታው ላይ አንሸራትታችሁ ጨርሱት።