የእንግሊዝኛ ማወዳደሪያ ቃላትን እንዴት እንለያለን? መጀመሪያ «ከ»ን ያዟት

«ሺ ኢዝ ቶለር ፍሮም ሚ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰነፍ አይደለም። በአማርኛ አስቦ ነው። «ከእኔ ትረዝማለች» ስንል «ከ» አለች፤ «ከቤት መጣሁ» ስንልም ያቺው ናት። እንግሊዝኛ ግን የእሷን ሥራ ለብዙ ቃላት ያከፋፍለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐሳባችሁን በአማርኛ ተናገሩትና «ከ» ምን እየሠራች እንደሆነ እዩ። እያበላለጠች ከሆነ ዛን ነው፦ «ሺ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ»። «ከዚህ ይለያል» ካላችሁ ፍሮም ትክክል ነው፦ «ዲፈረንት ፍሮም»። «ከሁሉም» ካላችሁ ኦፍ፦ «ዘ ቶለስት ኦፍ ኦል»። ፕሪፈር ግን ቱ ይፈልጋል፤ «ከመጻፍ ማንበብ እመርጣለሁ» የሚለው «አይ ፕሪፈር ሪዲንግ ቱ ራይቲንግ» ይሆናል። ይቺን በቃል መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የላትም።

ቀጥሎ ዛን (than) እና ዜን (then)። ቶሎ ቶሎ ሲነገሩ ጆሮ አይለያቸውም። ድሮ አንድ ቃል ነበሩ፤ አጻጻፋቸው ቁርጥ ብሎ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ነው። በቦታው «ከዚያ በኋላ» ብላችሁ ሞክሩ። ትርጉም ከሰጠ ዜን ነው፣ በ«ኢ» የሚጻፈው፤ ታይም የሚለው ቃልም መጨረሻው «ኢ» ነውና በዚያ አስታውሱት። ማወዳደሪያው ዛን «ኤ» አለው።

ሦስተኛው ስሕተት «ሞር ቤተር» ነው፣ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ተማሪዎችም ይሳሳቱታል። «ይበልጥ ይሻላል» ማለት ለኛ ምንም ችግር የለውም። ቤተር ግን «ይበልጥ»ን በውስጡ ይዟል። ቢገር፣ ቶለር፣ ፋስተር ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ ሞር አትጨምሩባቸው። ማጠንከር ከፈለጋችሁ «ማች ቤተር» በሉ።

«ያነሰ» ለማለት የሚቆጠር ከሆነ ፊወር፣ የማይቆጠር ከሆነ ሌስ፦ «ፊወር ቡክስ»፣ «ሌስ ወተር»። ገንዘብ፣ ጊዜና ርቀት ግን ቁጥር ቢኖራቸውም እንደ አንድ መጠን ስለሚታዩ «ሌስ ዛን 5 ማይልስ» ይባላል። አፍ የፈቱበት ሰዎችም በንግግር ለሚቆጠር ነገር ሌስ ሲሉ ትሰማላችሁ። ፈተና ላይ ግን ፊወር ጻፉ።

አሁን በቅርብ የጻፋችሁትን አንድ ገጽ አውጡና እያንዳንዱ ዛን ላይ አስምሩ። ከፊቱ በ«ኢ-አር» (er) ያለቀ ቃል፣ ወይም ሞር፣ ሌስ፣ ወርስ፣ ራዘር፣ አዘር ካላገኛችሁ አንድ የተሳሳተ ነገር ሊኖር ይችላልና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት።