ለኮራል አኳሪየም ዋት ከመጨመር በፊት ሪፍሌክተሩን ማስተካከል

ኮራሉ ቀለሙ ሲጠወልግ ወይም ወደ ላይ እየተመዘዘ ሲያድግ ቀድሞ የሚታሰበው አምፖል መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዋት አልጎደለም፤ ያለው ብርሃን ውሃው ውስጥ አልገባም እንጂ።

ቲ5 የሚባለው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ አምፖል የሚያበራው ዙሪያውን፣ በ360 ዲግሪ ነው። 60 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው አኳሪየም በላይ መሐል ላይ፣ ከውሃው በ20 ሳ.ሜ. ከፍታ ቢሰቀል፣ በቀጥታ ውሃው ላይ የሚያርፈው 113 ዲግሪ ያህሉ ነው። ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረውን ሁለት እጅ ወደ ታች መመለስ ከአምፖሉ በላይ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን፣ የሪፍሌክተሩ ሥራ ነው።

ለብዙ አምፖል አንድ ጠፍጣፋ ነጭ ቆርቆሮ ካለ ከብርሃኑ የተወሰነው ተመልሶ አምፖሎቹን ራሳቸውን ይመታል፤ ከብርሃንነቱ ይልቅ ሙቀት ይሆናል። የሚሻለው ለየአምፖሉ ለብቻው የተሠራ፣ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም የታጠፈ ሪፍሌክተር ነው። ጫፉን ከጎን ሲያዩት መሐል እግሩ ያጠረ «ጠ» ይመስላል። ያቺ አጭር እግር ከአምፖሉ ጀርባ የሚመጣውን ብርሃን ግራና ቀኝ ከፍላ አምፖሉን አልፎ እንዲወርድ ታደርገዋለች። የኩሽና ፎይል መለጠፍ አያዋጣም፤ ይጨማደዳል፣ ጨው ይበላዋል፣ ከሶኬቱ አጠገብ ከተላቀቀም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ሪፍሌክተርን ያለ መሣሪያ መፈተን ይቻላል። መብራቱን ከሶኬት ይንቀሉና በተቃጠለ አምፖል ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልለው በቦታው ይግጠሙት። ከዚያ ዓይንዎን ኮራሉ ካለበት አቅጣጫ፣ ከውሃው ወለል ከፍታ ሆነው ወደ ላይ ይመልከቱ። ቀይ ሆኖ የሚታየው የሪፍሌክተሩ ክፍል ወደዚያ ቦታ ብርሃን የሚልከው ነው፤ ቀይ ያልሆነው ለዚያ ቦታ ምንም አይጠቅምም። ቀዩ ጫፎቹ ላይ ሞልቶ መሐል ላይ ከጠበበ ሪፍሌክተሩ ረግቧል ማለት ነው። የ54 ዋት አምፖል 115 ሳ.ሜ. ያህል ስለሚረዝም ይህ የተለመደ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ መያዣ ክሊፕ ይጨምሩ። የአምፖሉ ውፍረት 16 ሚ.ሜ. ብቻ በመሆኑ የ2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ፈቀቅታ የብርሃኑን አቅጣጫ ይለውጣል።

ሜታል ሃላይድ (ብርሃኑ ከአንድ ትንሽ ቦታ የሚወጣ ኃይለኛ አምፖል) ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ትንሽ ሪፍሌክተር ብርሃኑን አንድ ቦታ ይከምረዋል፣ ጥጉ ይጨልማል። ሰፊውና ባለ አራት ማዕዘኑ ያሰራጫል። በሁለት ጫፍ የሚገጠመውን የሜታል ሃላይድ አምፖል ግን አልትራቫዮሌት ከሚያስቀረው መስታወት ውጭ ፈጽሞ አያብሩት።

ቀጥሎ በፓር ሜትር፣ ማለትም ለፎቶሲንተሲስ የሚጠቅመውን ብርሃን (ፓር) በሚለካ መሣሪያ፣ ይለኩ። በየ15 ሳ.ሜ.፣ በሦስት ጥልቀት ይመዝግቡ። ከኮራል ዓይነቶች ለአክሮፖራ ከ250 እስከ 350 ማይክሮሞል (የፓር መለኪያ)፣ ለዩፊሊያ ከ75 እስከ 150 ጥሩ መነሻ ነው። በአንድ ጥልቀት ትልቁ ቁጥር ከትንሹ እጥፍ በላይ ከሆነ መብራቱን 5 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገው እንደገና ይለኩ። ከፍ ማድረግ ብርሃን ያባክናል የሚለው ስጋት ትንሽ የተጋነነ ነው፦ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር እስከ 60 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ውሃው ውስጥ የገባ ብርሃን የጎኑን መስታወት ሲመታ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። በእርግጥ የሚጠፋው ከአኳሪየሙ ጠርዝ ውጭ የወደቀው ነው።

የጨው ብናኝ ጥሩውን ሪፍሌክተር ቀስ በቀስ ነጭ ቆርቆሮ ያደርገዋል። በየሁለት ሳምንቱ መብራቱን ነቅለው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው፣ በአርኦ ውሃ (ጨውና ማዕድኑ በተጣራለት ውሃ) በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጥረጉት። የደረቀ ቅርፊት ካለ እኩል በውሃ የተበረዘ አቼቶ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉበትና በውሃው ያጥቡት። የብረት ሽቦ፣ በረኪናና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አይንካው።

ሙቀቱንም አይርሱ። ቲ5 ከፍተኛውን ብርሃን የሚሰጠው ዙሪያው ያለው አየር 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ነው። በሽፋን ታፍኖ ከዚያ በጣም ካለፈ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ከአንዱ ጫፍ አየር የምትስብ ትንሽ ፋን ትበቃለች።

አዲስ ሪፍሌክተር በተገጠመ ማግስት ኮራል የሚነጣው በድንገት ብዙ ብርሃን ስለሚያርፍበት ነው። ስለዚህ ከመቀየርዎ በፊት የኮራሉን ቦታ ፓር ይመዝግቡ፤ ከቀየሩ በኋላ ያው ቁጥር እስኪመጣ መብራቱን ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ያድርጉት። የኮራሉ ጫፎች መገርጣት ከጀመሩ ወደ ቀደመው ከፍታ መልሰው ሁለት ሳምንት ያቆዩት።