ጡትን መልሶ ከማበጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ልብም እንዲያገግም፦ ለታካሚዋና ለአስታማሚዋ

ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተወግዶ ከራሷ ገላ ወይም በሲሊኮን የተተካላት ሴት ከአዲስ አበባ ተመልሳ ደብረ ማርቆስ ስትገባ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይላታል፤ ቁስሏ ሲደርቅም ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን በነርስነት ሥራዬ ቁስላቸውን ካጸዳሁላቸው ጥቂት እንዲህ ያሉ ሴቶች የተረዳሁት፣ ውጤቱን መውደዷ ወይም መጥላቷ በአብዛኛው የሚወሰነው ቀድሞ በተነገራትና ባልተነገራት ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመር አለበት።

በመጀመሪያ የበሽታው ስም ይነገራት። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ አዝኖላት «እብጠት ነው፣ ይወጣልሻል» እያለ ካንሰር የሚለውን ቃል ይሸሽጋል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን ምን እንደሚወሰድባትና ለምን እንደሚወሰድ ሳታውቅ የተኛች ሴት፣ ስትነቃ ያገኘችውን ደረት እንደ ሕክምና ሳይሆን እንደ ክህደት ልትቆጥረው ትችላለች። መናገር የከበደው ወንድም ወይም ልጅ ሐኪሙ እንዲነግራትና እርሱ አጠገቧ እንዲቀመጥ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የአሠራሩን ምርጫ መጠየቅ ነው። ጡትን መልሶ ማበጀት በአገራችን ገና ያልተስፋፋ ሕክምና ስለሆነ፣ ዕድሉን ያገኘች ሴት «ይህን አግኝቼማ ጥያቄ አላበዛም» ብላ ዝም ትላለች። በሲሊኮን የሚሠራው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ከቆዳ ወይም ከጡንቻ ሥር ከረጢት ተቀብሮ፣ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የጨው ውኃ በመርፌ እየተጨመረበት ቆዳው እንዲለጠጥ ይደረጋል፤ ሲሊኮኑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ይህ ማለት በየጊዜው ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ የአውቶቡስ ሒሳብና የማደሪያ ጉዳይ ነው፤ ለውሳኔው ከመልኩ ያልተናነሰ ክብደት አለው። የጨረር ሕክምና የሚከተል ከሆነ ሲሊኮኑ ዙሪያውን ጠጥሮ ሊያምም እንደሚችል አስቀድማ ትወቅ፤ ሲሊኮን ዕድሜ ልክ እንደማይቆይና ሊቀየር እንደሚችልም እንዲሁ። ከሆድ ወይም ከጀርባ ገላ ተወስዶ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ጠባሳውም ሁለት ቦታ ነው። ሴቶችን ለሁለት ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች በራሳቸው ገላ የተሠራላቸው ይበልጥ እንደሚረኩ አሳይተዋል፤ ሆኖም ከሆድ የተወሰደላት ሴት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ሊጥ ያቦካል የሚለው ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ መወሰን አለበት። ምንም ሳያስሠሩ መቅረት፣ ወይም ጡት መያዣ ውስጥ በጥጥ የተሞላ ትራስ አድርጎ መኖርም ሙሉ ምርጫ ነው፤ ይህን የመረጠች ሴት ሰነፍ ወይም ፈሪ አይደለችም።

የምትጠብቀው ነገር ልክ እንዲኖረው ሦስት ነገሮች በግልጽ ይነገሯት፦ አዲሱ ጡት በአብዛኛው የመዳሰስ ስሜቱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ቅርጹ ተረጋግቶ የሚታየው ከወራት አልፎ አንዳንዴ እስከ ዓመት ነው፤ ጫፉም ብዙውን ጊዜ ወራት ቆይቶ በሌላ ጊዜ ይሠራል። በቀሚስ ሥር ሁለቱ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ፤ ልብስ ሲወልቅ ግን ጠባሳው አለ።

የመጀመሪያው እይታ ከሁሉ ይከብዳል። አንዲት የምሥራቅ ጎጃም እናት ፋሻውን በፈታሁላት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የነጠላዋን ጫፍ ትነክስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቦርሳዋ አንዲት ክብ ትንሽ መስታወት አወጣችና ጥቂት አይታ «ይኼ የእኔ አይደለም» አለችኝ። ዝም አልኳት። ከቆይታ በኋላ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፤ «ይሞቃል» አለች። ከራሷ ሆድ የተወሰደ ገላ ስለነበር ደሙ ይዘዋወርበታል። በሚቀጥለው ጊዜ መስታወቱን ራሷ ያዘች።

ከዚያ ያወቅሁት፣ እይታው በራሷ ጊዜና በራሷ እጅ መሆን እንዳለበት ነው። በመጀመሪያ በልብስ ላይ መዳሰስ፣ ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ማየት፣ በመጨረሻ መስታወት፤ በየቀኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አስታማሚዋ «ዋናው መትረፍሽ ነው» ከማለት ትቆጠብ። እኔም ለዓመታት ይህንኑ እል ነበር፤ የሚያጽናና ይመስላል፤ ሴትየዋ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ገላዋ ማዘን እንደ ምስጋና ቢስነት ይታይብኛል ብላ አፏን ትዘጋለች። «ምኑ ነው የከበደሽ?» ብሎ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ይሻላል።

ሐዘን ይጠበቃል፤ ድብርት ግን ይታከማል። ሁለቱን ለመለየት በጤና ተቋማት የሚሠራበት ፒ-ኤች-ኪው-9 የሚባል የዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛም ተፈትሿል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ የሚያስደስት ነገር ጠፍቶብሻል ወይ፣ እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ፣ ራስሽን ትወቅሻለሽ ወይ። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ሲሆን 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት ይገባታል። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ካለ ግን ነጥብ መቁጠር የለም፤ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

አንድ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለድብርት መድኃኒት ሲታዘዝላት ታሞክሲፌን እንደምትወስድ መናገር አለባት፤ ምክንያቱም ፍሎክሴቲንና ፓሮክሴቲን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች ታሞክሲፌን በሰውነት ውስጥ ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለወጥ ያግዱታል። ሐኪሙ ሌላ ሊመርጥላት ይችላል። የጀመረችውን መድኃኒት በገዛ ፈቃዷ ማቋረጥ ግን ተገቢ አይደለም።

ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው ካልዳነ ቁስል ጋር ነው። ከቁስሉ ፈሳሽ እንዲያወጣ የተተከለው ቱቦ ሳይወጣና ቁስሉ ሳይዘጋ ከጠበል ሥር መቆም ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ይህን ለነፍስ አባቷ በግልጽ መንገር ይጠቅማል፤ ጾሙንም ጭምር፣ ቁስል እንዲሽር በቂ ምግብ ያስፈልገዋልና። ብዙ ሴት ለሐኪም የማትናገረውን ለነፍስ አባቷ ትናገራለች፤ ስለዚህ «ሐኪም ጋ ሂጂ» የሚለው ቃል ከእርሳቸው ቢወጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

ለባለቤቷ የምለው አጭር ነው፦ ዝምታህን እንደ መጸየፍ ልትተረጉመው ትችላለች፤ ስለዚህ ዝም ያልከው እንዳያማት ፈርተህ ከሆነ «ያምምሻል ብዬ ፈርቼ ነው» ብለህ በቃልህ ንገራት፤ መኝታ መለየት ካለባችሁም ምክንያቱን ለይተህ አስረዳት።

እርካታዋን በሚመለከት፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ብሬስት-ኪው የተባለ መጠይቅ የጡቱን መልክ፣ የስሜት ሁኔታን፣ የትዳር ግንኙነትንና የሰውነት ሕመምን ለየብቻ ይጠይቃል። መለያየቱ ጥሩ ነው፤ መልኩን ወዳ ትከሻዋ አልነሳ ያላት፣ ሕመም ሳይኖርባት ከማኅበር የቀረች ሴት አለችና። ቅጹ ባይገኝ እነዚህን አራቱን በደብተር ላይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛውና በዓመቱ በአንድ አንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ መጻፍ የማትችል ከሆነ ልጇ ይጻፍላት። ለክትትል ስትሄድ ደብተሩን ይዛ ለሐኪሙ ታሳየው፤ የጎበጠ ጠባሳ፣ ያልተመጣጠነ ቅርጽ ወይም ትከሻን የሚይዝ ሕመም ብዙ ጊዜ ሊታረም ወይም በፊዚዮቴራፒ ሊሻል የሚችል ነው። አውቶቡስ ላይ ቀበቶው ደረቷን እንዳይጫናት በመካከሉ ትንሽ ትራስ ታድርግ። ሌላኛውም ጡት በዚያው የክትትል ቀን ይታይላት።