አገጩ ወደ ግራ ሲዞር ሕመሙ በቀኝ ሊሆን ይችላል፦ በመንጋጋ መገጣጠሚያ ዕጢ ሕክምና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለሥልጠና የሚመጡ ወጣት ሐኪሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈጽሙት አንድ ስህተት አለ፤ አገጩ ወደ ግራ የዞረ ታካሚ ሲያዩ በሽታውን በግራው መገጣጠሚያ ይፈልጉታል። ኦስቲኦኮንድሮማ የሚባለው፣ ከአጥንትና ከልም አጥንት የተሠራ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በመንጋጋው ራስ (ከጆሮ ፊት ባለው መገጣጠሚያ ውስጥ በሚገባው የታችኛው መንጋጋ ጫፍ) ላይ ቀስ በቀስ ሲያድግ የራሱን ጎን ያስረዝማል፤ አገጩም የሚገፋው ወደ ጤነኛው ጎን ነው። በታመመው ጎን የኋላ ጥርሶች መግጠም ይሳናቸዋል፤ እድገቱ አዝጋሚ ከሆነ ግን ጥርሶቹ ክፍተቱን እየተከተሉ ስለሚወርዱ ምልክቱ ይሸፈናል። በተቃራኒው፣ በልጅነት በአደጋ ወይም በኢንፌክሽን እድገቱ የቆመ መገጣጠሚያ አገጩን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ የትኛው ጎን ረዘመ፣ የትኛውስ አጠረ የሚለውን የሚፈታው ዓይን ሳይሆን ሲቲ ስካን፣ ከዚያም የታካሚው የቆየ ፎቶግራፍ ነው። ይህን የምለው ከስህተት ነፃ ሆኜ አይደለም፤ ተለማማጅ ሳለሁ የተሳሳተውን ጎን በመዝገብ ላይ ጽፌ፣ መምህሬ ሁለቱን የመንጋጋ ራሶች በራጁ ላይ እንዳነጻጽር እስኪያዝዙኝ ድረስ አልነቃሁም።

ለመገጣጠሚያ ሕመም ጥርስ አይነቀልም።

የፊታቸው መጣመም ምች፣ ማለትም የፊት ነርቭ ሽባነት ነው ተብለው ወራት ያባከኑ ታካሚዎችም ይመጣሉ። የፊት ነርቭ ሽባነት ግን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት የሚከሰት ሲሆን፣ የዚህ ዕጢ ጥመት ዓመታት ይወስዳል፤ ታካሚውም ዓይኑን መጨፈን አያቅተውም።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ፣ ዕጢውን ትቶ ፊትን ማቃናት ነው። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ሁጎ ኦብዌገሰር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያዳበሩት፣ የታችኛውን መንጋጋ በውፍረቱ ሰንጥቆ የማንሸራተት ዘዴ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን እያደገ ያለ ዕጢ ከላይ ተቀምጦ ከተሠራ ጥመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ታካሚውም ለሁለተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር ይወድቃል። ዕጢው ወይም የመንጋጋው ራስ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የላይኛውን መንጋጋ ዘንበል ማለትና የጥርሱን መግጠም ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል፤ ማስተካከያው በዚያው ቀዶ ጥገና ይሁን ወይስ ከጥርስ ማስተካከያ ብረት በኋላ የሚለው ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ይወሰናል። የኑክሌር የአጥንት ምርመራ (በጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚነሳ ምስል) እድገቱ እንደቀጠለ ይጠቁማል እንጂ የበሽታውን ስም አይነግርም፤ ስሙን የሚነግረው ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣው ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ስለሆነ፣ መልኩ ግልጽ መሰለን ብለን ናሙናውን መጣል ይቅርታ የማይገባው ስንፍና ነው።

ከጆሮ ፊት በሚደረገው መቁረጥ ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ሊጎዳ እንደሚችል ታካሚው አስቀድሞ ይወቅ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አፍ የመክፈት ልምምድ ሳይጀመር የሚያልፍ እያንዳንዱ ሳምንት ጠባሳውን ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ ሕመሙ እስኪጠፋ ልጠብቅ የሚል ታካሚ ሲገጥመኝ፣ የሕመም ማስታገሻውን ሰጥቼ ልምምዱን እዚያው ፊቴ አስጀምረዋለሁ።