ለአዳር ተረኞች የ10 ደቂቃ ሳቅ

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አዳር ለምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች፦ ጠዋት ርክክብ እንዳለቀ፣ ታክሲ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት፣ ሕመምተኛ በማይሰማበት የግቢው ጥግ ክብ ሥሩ። «ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ» እያላችሁ 1 ደቂቃ አጨብጭቡ። ከዚያ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ 30 ሰከንድ ሳቁ፣ ሁለቴ በረጅሙ ተንፍሱ፤ 5 ጊዜ ድገሙት።

ቀልድ አያስፈልግም። የዚህ «የሳቅ ዮጋ» ጀማሪ፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዶክተር ማዳን ካታሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ላይ በቀልድ ጀምረው ነበር፤ ቀልዱ አልቆ ሰው ማስቀየም ሲጀምር ነው ያለ ቀልድ ወደ መሳቅ የዞሩት። መጀመሪያ የግድ ሳቅ ይመስላል፣ አይዟችሁ፤ ዓይን ለዓይን ስትተያዩ እውነተኛው ይከተላል።

ጉሮሮ ከከረከራችሁ ሳቁ ከሆድ እየመጣ አይደለም፤ መዳፋችሁን እምብርት ላይ አድርጋችሁ ሆዳችሁ መንቀሳቀሱን እዩ። ራስ ካዞረ ትንፋሽ አፍጥናችኋል፣ ተቀመጡ። ሄርኒያ፣ በቅርብ የተደረገ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለበት ሰው አይሞክረው።