ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ እንዳለ ለቅርብ ሰው እንዴት ይነገራል?

ቫይረሱ በደምዎ ውስጥ መኖሩን ለማን፣ መቼና እንዴት እንደሚናገሩ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ለሁሉም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ነገር ግን አብሮዎት ከሚኖር ሰው ሙሉ በሙሉ መደበቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ልብስ ሥር የሚሸሽግ ሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ያሳልፋል፤ ሕክምናው ደግሞ በየቀኑ ሳይቋረጥ መወሰድን ይጠይቃል።

ስለዚህ በአንድ ሰው ይጀምሩ። አንዳንዶች ጭንቀቱን በአንድ ቀን ለመገላገል ቤተ ዘመዱን ሰብስበው ይናገራሉ፤ በእኔ እምነት ይህ ድፍረት ቢመስልም አይመከርም፣ ምክንያቱም ወሬው ከቡና ወደ ቡና መዞር ከጀመረ መመለሻ የለውም። የሰው ገመና ሰምቶ፣ ተጣልቶም እንኳ ያላወጣ ማን እንደሆነ ያስቡ፤ እኅት፣ አክስት ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል።

ለትዳር ጓደኛ መናገር ግን ከሁሉ ይከብዳል፣ ሊዘገይም አይገባም፤ እርሳቸውም መመርመር አለባቸውና። ድብደባ ወይም ከቤት መባረር የሚያሰጋዎት ከሆነ ብቻዎን አይናገሩ፤ በጤና ተቋሙ የኤ አር ቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል ያለው አማካሪ ባለበት እንዲነገር ይጠይቁ። ንግግሩን በይቅርታ አይጀምሩ፤ ይቅርታ ሲቀድም ሰሚው ጥፋት መፈለግ ይጀምራል። «ተመርምሬ ቫይረሱ ተገኝቶብኛል፣ መድኃኒት ጀምሬአለሁ፣ አንተም እንድትመረመር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ የተለመደው ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን እንጂ ማን አስቀድሞ እንደተያዘ አይናገርም፤ አስቀድሞ የተመረመረ ሰው አስቀድሞ ተይዟል ማለትም አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ ያስረዱ፤ እዚያ እስኪደረስ ግን ኮንዶም ያስፈልጋል። ይህንን ከእርስዎ አፍ ማመን ካቃታቸው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ሄደው ከባለሙያ ይስሙ።

ሰሚው ዝም ቢል ወይም ቢያለቅስ በዚያው ሰዓት መልስ አይጠይቁ። እርስዎ ለመቀበል ጊዜ እንደወሰደብዎት ሁሉ እርሳቸውም ቀናት ያስፈልጓቸዋል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆች የሚያስታውሱት በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበረውን የቀብር ብዛት ነው። መድኃኒቱን ትተው ጸበል ብቻ እንዲጠመቁ ቢለምኑዎት እምነታቸውን አይንቀፉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ያስታውሷቸው፤ እናት ከልጅ ክርክር ይልቅ የፓትርያርክን ቃል ትሰማለች።

የሥራ ቦታው ጉዳይ አጭር ነው። ለአለቃ መናገር አይጠበቅብዎትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ለቀጠሮ ፈቃድ ሲጠይቁም «የሕክምና ቀጠሮ አለኝ» ከማለት በላይ ማብራራት አያስፈልግዎትም።