የመጀመሪያ ሥራ ሲቀርብላችሁ ደመወዙን እንዴት መመዘንና መደራደር ይቻላል

ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ለከረመ ሰው «አልፈሃል» የሚል ስልክ ሲደወል ቶሎ የሚመጣለት ቃል «እሺ» ነው። እሺታውን ለአንድ ቀን አቆዩት። አመስግኑና «ዝርዝሩን በጽሑፍ ብትልኩልኝ ነገ መልስ እሰጣለሁ» በሉ።

መጀመሪያ የተነገራችሁ ቁጥር ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ጠይቁ። ያልተጣራ 15,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ስሌት 35 በመቶው 5,250 ይሆናል፤ ከሱ ስሌቱ የሚፈቅደው ተቀናሽ 2,050 ሲነሳ ግብሩ 3,200 ብር ነው። 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 1,050። እጃችሁ የሚገባው 10,750 ብር ብቻ ነው። የቤት ኪራዩንና የታክሲውን ከዚህ ላይ አስቡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ የወጪ መጋራት ዕዳም አለ።

ቀጥሎ ቁጥሩን ለሁለት ክፈሉት። መሠረታዊው ስንት ነው? አበሉስ? እኔ እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትራንስፖርት አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው። አሠሪው ለጡረታችሁ የሚያስገባው 11 በመቶም እንደዚያው። ስለዚህ 9,000 መሠረታዊ ከ6,000 አበል ጋር እና 15,000 መሠረታዊ እኩል አይደሉም። በመጀመሪያው አሠሪው በወር 990 ብር ያስገባላችኋል፣ በሁለተኛው 1,650። አበል የበዛበት ደመወዝ የሚቆረጥበት ጡረታ ትንሽ ስለሆነ ለጊዜው ኪስ ሊሞላ ይችላል። እኔ ግን መሠረታዊው ከፍ ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ጭማሪ መጠየቅ። ማስታወቂያውን መልሳችሁ አንብቡ። «ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ካለ ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። እዚያ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። የልምምድ ጊዜያችሁ ለእርከን ይያዝ እንደሆነ፣ ሰርቪስና የሕክምና ሽፋን መኖሩን ጠይቁ። «በስምምነት» ካለ ግን በር ክፍት ነው።

ከመደወላችሁ በፊት በዚያው ሙያ ከእናንተ አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው የተመረቁ ልጆችን ስንት እንደሚከፈላቸው ጠይቁ። ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው የምንለው ነገር የሚጠቅመው ቀጣሪውን ብቻ ነው። ከዚያ ይህን የመሰለ ነገር በሉ፦ «ስለሰጣችሁኝ ዕድል በጣም አመሰግናለሁ፤ ሥራውንም እፈልገዋለሁ። መሠረታዊ ደመወዙን 17,000 ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል። በልምምድ ጊዜ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የወር ሂሳብ ስዘጋ ስለነበር ቶሎ ሥራ ውስጥ እገባለሁ።»

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ይሉኝታ ይዞን ወዲያው «ካልተቻለም ችግር የለም» የምንለው ነገር ጥያቄውን ገደል ይከተዋል። የኪራይ መወደድንም አታንሱ። አብሮኝ የተማረ ልጅ በዚያ ቢጀምር «ለሁላችንም ተወዷል» ተብሎ ወሬው እዚያው አለቀ። ምክንያታችሁ የምትሠሩት ሥራ ይሁን። አይሆንም ካሉ «ከሙከራ ጊዜ በኋላ ደመወዙ እንደሚታይ ደብዳቤው ላይ ይጻፍልኝ» በሉ። የቃል ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ውሉ ሲመጣ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አለመብለጡን፣ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃዱም ከ16 የሥራ ቀን አለማነሱን እዩ። ውሉን ሳትጨርሱ ብትለቁ ገንዘብ ትከፍላላችሁ የሚል አንቀጽ ካለ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ዋስ ከተጠየቃችሁ ቅጹን ለዋሳችሁ ቀድማችሁ አሳዩት፤ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርም። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ውጡ።

ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የሌላ ድርጅት ቃለ መጠይቅ እንዳትሰርዙ።